ሙሉ በሙሉ የሚዘፈን ቲያትር ልገባ ነው፤ ያያችሁ ንገሩኝ

ልጅት ከማርቆስ

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ታላቅ እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው፤ ልጠይቃት ልሄድ ነው፣ ቪዛውም ተመስገን ወጥቶልኛል። እሷ ደግሞ ቲያትር ላሳይሽ ብላ ትኬት ቆርጣ ጠበቀችኝ። ቲያትሩ «ሌ ሚዜራብል» ነው። እኛ «ምንዱባን» ብለን በሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ትርጉም ያነበብነው የቪክቶር ሁጎ ታሪክ ማለት ነው። ማርቆስ ተማሪ እያለሁ ከጓደኛ ተውሼ ነው ያነበብኩት፤ ዋናው ባለታሪክ ዣን ቫልዣን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ጭንቀቴ ምን መሰላችሁ። እህቴ «ወሬ የለውም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን ነው» አለችኝ። ባህር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቲያትር አይቻለሁ፣ ዘፈን ያለበትም አይቻለሁ። ግን ተዋናዩ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ከዚያ ወደ ወሬው ይመለሳል። ሁሉም ሲዘፈን ታሪኩ እንዴት ነው የሚገባው? እንግሊዝኛዬ ለወሬ አያንሰኝም፤ ዘፈን ላይ ግን ቃሉ ያመልጠኛል። ርዝመቱ ደግሞ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው አሉኝ። እህቴ ብዙ ብር አውጥታበታለች፣ ምንም ሳይገባኝ ብወጣ ያንገበግበኛል። ምን አዘጋጅቼ ልግባ? ፊልሙን አስቀድሜ ልየው? መሃል ላይ ማጨብጨብ፣ እልል ማለትስ ይቻላል?

ጣና ዳር

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የተማርኩት ቲያትር ነው፤ ይህንንም ውጭ ሀገር በነበርኩበት ጊዜ አይቼዋለሁ። አትጨነቂ፣ መጽሐፉን ማንበብሽ ብቻ ግማሹን መንገድ አሻግሮሻል።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ዝማሬው ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ወሬውን የሚሸከመው ነው፤ ዜማው ወደ ንግግር የተጠጋ፣ ቶሎ ቶሎ የሚሄድ። ሰው ይጣላል፣ ደብዳቤ ይደርሳል፣ ከሥራ ይባረራል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ይህ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ሌላው ታሪኩ ቆም ብሎ የአንድ ሰው ልብ የሚከፈትበት ረጅም ዘፈን ነው። ጆሮሽን በደንብ መጣል ያለብሽ ወሬውን በሚሸከመው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ነገሩ የሚዞረው በነዚያ አጫጭር ስንኞች ነው። ረጅሙ ዘፈን ላይ ግማሹ ቃል ቢያመልጥሽም ሰውዬው ምን እንደሚሰማው ፊቱም ድምፁም ይነግርሻል።

ከሁሉ በላይ ግን ዜማ ያዢ። ይህን ነገር አጥብቄ የምልሽ ብዙ ሰው ቃል ሲያሳድድ ዋናው ስለሚያልፈው ነው። አቡኑ የተሰረቁትን የብር ዕቃ ይቅር ብለው መቅረዞቹንም ጨምረው ለዣን ቫልዣን ሲሰጡት ታስታውሻለሽ? ከዚያ ብቻውን ይቀርና ከራሱ ጋር ይሟገታል። ያን ዜማ ልብ በይ። መጨረሻው አካባቢ ዣቬር፣ ያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ፖሊስ፣ በቫልዣን እጅ ገብቶ ሳለ ቫልዣን ነፍሱን ከማረው በኋላ ድልድይ ላይ ቆሞ ይሟገታል። ዜማው ያው የቀድሞው ነው! ሁለቱም ሰዎች ምሕረት ተደርጎላቸዋል። አንዱ በምሕረቱ አዲስ ሰው ሆነ፤ ሌላው ምሕረቱን መሸከም አቅቶት ራሱን ወንዝ ውስጥ ጣለ። ይህን ቆሞ የሚተርክልሽ ሰው የለም፣ ዜማው ራሱ ነው የሚነግርሽ። ፋንቲን ልትሞት ስትል የምትዘፍነውም በኋላ በኤፖኒን አፍ ተመልሶ ይመጣል። እናት ለልጇ የዘፈነችውን፣ ፍቅሯን ያጣች ልጅ ትዘፍነዋለች።

ፊልሙን አሁን አትዪው። የ2012ቱ ፊልም (እ.ኤ.አ.) ጥሩ ነው፣ ተዋንያኑም ከንፈር እያንቀሳቀሱ ሳይሆን ካሜራው ፊት በቀጥታ እየዘፈኑ ነው የተቀረጹት። ግን ካሜራ ማንን እንደምታዪ ይመርጥልሻል። መድረክ ላይ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። መጀመሪያ በራስሽ ዓይን እዪው።

ቡሬ ማዶ

ለንደን ነው ያለሁት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ልበልሽ ከወዲሁ።

ጣና ዳር ፊልሙን አትዪ ባለው እስማማለሁ፤ ዘፈኖቹን ግን አስቀድመሽ ስሚ ባይ ነኝ። እኔ መጀመሪያ የገባሁት «ሃሚልተን» ነበር። እሱም ከሞላ ጎደል ሙሉውን በዜማና በራፕ የሚሄድ ሲሆን ከ20,000 በላይ ቃል አለበት። ፍጥነቱን አስቢው። ከፊቴ የተቀመጡ ልጆች ሁሉንም በቃላቸው ያውቁታል፣ እኔ አንዱን ስንኝ ሳኝክ ሦስቱ አለፉ። «ሌ ሚዜራብል» እንደሱ አይሮጥም፣ ዜማው ሰፊ ነው፣ ቃሉ ይተነፍሳል። ቢሆንም የመጀመሪያውን ክፍል መዝጊያ ዘፈን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምተሽ ግቢ። ነገ አመፅ ሊነሳ ነው፣ ተማሪዎቹ ለውጊያ ይዘጋጃሉ፣ ፍቅረኞቹ ሊለያዩ ነው፣ ቫልዣን ሊሸሽ ነው፣ ዣቬር ሊሰልል ነው፤ ሁሉም በየራሳቸው ቃልና ዜማ አንድ ላይ ይዘፍናሉ። ያን ሁሉ ለመስማት አትሞክሪ። አንድ ሰው ምረጪና እሱን ተከተይ። ይህ በንግግር ቲያትር የማይሆን ነገር ነው። ስድስት ሰው አንዴ ቢናገር ጫጫታ ነው፣ ሲዘፍን ግን አንድ ነገር ይሆናል። ያን ሌሊት ልብሽ ይመታል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አመፁ የ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም፣ በሰኔ 1832 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ተነስቶ ወዲያው የተደመሰሰው ነው። መጽሐፉን ስላነበብሽ ታውቂዋለሽ፤ አብሮሽ ለሚገባ ሰው ንገሪ።

ማጨብጨቡን በተመለከተ፣ ከትልልቅ ዘፈኖች በኋላ ሰው ያጨበጭባል፣ ኦርኬስትራውም ይጠብቃል። አብሮ መዝፈን ግን ነውር ነው። እልልታሽን ለመጨረሻው አቆዪው፤ ተዋንያኑ ወጥተው ለምስጋና ሲያጎነብሱ ያን ጊዜ ልቀቂው፣ ማንም አይቆጣሽም። ቀድመሽ ድረሺ። አርፍዶ የመጣ ሰው ተስማሚ ቦታ እስኪደርስ በር ላይ ይቆማል፣ መጀመሪያው ካመለጠሽ ደግሞ የአቡኑን ነገር አጣሽው ማለት ነው። መሃል ላይ እረፍት አለ።

ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ግራ እንዳይገባሽ። ትንንሽ ማይክ ፀጉራቸው ውስጥ ግንባራቸው ጠርዝ ላይ ተደብቋል። ሙዚቀኞቹ ከመድረኩ ግርጌ ናቸው። መሪያቸውን ተዋንያኑ እንዲያዩት ብዙ ቤቶች ውስጥ ሰገነቱ ፊት ላይ ስክሪን ይሰቀላል፤ በእረፍት ሰዓት ወደ ኋላ ዞር ብለሽ ፈልጊው።

የኤልያሱ ተማሪ

እታለም፣ እኔ ለንደንንም ያን ቲያትርም አላየሁም፤ የቅኔ ተማሪ ነኝ። ግን «ሁሉም ሲዘፈን እንዴት ይገባል» ያልሽው ነገር አላስቀመጠኝም።

አያቴ ግዕዝ አታውቅም። ቅዳሴው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ነው፤ ካህኑ፣ ዲያቆኑ፣ ሕዝቡ ይቀባበላሉ። እሷ የት እንደደረሰ ጠፍቷት አያውቅም። ከግድግዳው ጥግ ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች፤ ዜማው ሲለወጥ ቀና ትላለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ጫማዋን ትፈልጋለች። ቃሉን ሳይሆን ዜማውን ነው የምትከተለው። ቤተ ክርስቲያንን ከቲያትር ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ያንቺ ጆሮ ግን ለዚህ እንግዳ አይደለም እያልኩሽ ነው። ጎጃም ተወልደሽ፣ የዜማ ስልቶቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሲለዋወጡ እየሰማሽ አድገሽ፣ ረጅም ነገር በዜማ መከታተል አያቅትሽም።

ደግሞ የኛው ሰው ዮፍታሔ ንጉሤ አለ። እዚሁ ደብረ ኤልያስ ተወልዶ፣ ቅኔ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ቲያትር የጻፈ። በንጉሡ ዘመን የነበረው ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የሱ ነው ይባላል፣ ዜማው የኬቮርክ ናልባንዲያን። ከቲያትሮቹ ግጥምና ዜማ አይለዩም ነበር። ቲያትርና ዜማ እኛ ዘንድ ድሮም አብረው ነው የመጡ።

ዳንግላ

ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ይሄ ኦፔራ ማለት አይደል ታዲያ? ልዩነቱ ምንድን ነው?

ጣና ዳር

ዳንግላ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሙሉውን መዝፈን ከኦፔራ የመጣ ነው፤ ሞንተቬርዲ በ1607 (እ.ኤ.አ.) ማንቱዋ ላይ ያሳየው «ኦርፌዎ» እስከ ዛሬ ይታያል። ልዩነቱ በብዛት ድምፁ ላይ ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ማይክ ከሙሉ ኦርኬስትራ በላይ እንዲሰማ የሠለጠነ ነው፣ ለዚያ ሲባል አንዳንዴ ቃሉ ይሰዋል። ሙዚቃዊ ቲያትር ማይክ አለው፤ ስለዚህ ሹክ እያለም ሊዘፍን ይችላል፣ ቃሉ ከፊት ይሆናል። ከዚያ ውጭ ድንበሩ ያን ያህል አይለያይም።

ቡሬ ማዶ ስለ መዝጊያው ዘፈን ያለው ልክ ነው፤ እሱን ትስማ። የቀረውን ግን ሳትሰሚ ግቢ እላለሁ አሁንም። መጀመሪያ መስማት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ልጅት ከማርቆስ

አየሁት! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቡሬ ማዶ እንዳልከው የመዝጊያውን ዘፈን ብቻ ሰምቼ ነው የገባሁት። መጀመሪያ አካባቢ እስረኞቹ ጭፍግግ ባለ ዜማ ሲጀምሩ ቃል ለመያዝ ስታገል ጥቂት ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ተውኩት። ከተውኩት በኋላ ነው መስማት የጀመርኩት። ያ የእስረኞቹ ዜማ በኋላ ፓሪስ መንገድ ላይ በለማኞቹ አፍ ሲመጣ እህቴን በክርኔ ነካኋት፤ እሷ ከዚህ በፊት አይታውም ልብ አላለችውም ነበር።

የባለ ሆቴሉና የሚስቱ ቀልድ ብዙው አመለጠኝ፣ አዳራሹ ሲስቅ እኔ ቀሚሷን ነው የማየው። አልከፋኝም። ቫልዣን ምሽጉ ላይ ለተኛው ልጅ ሲጸልይ ግን አንድም ቃል አላመለጠኝም። በጣም ከፍ ባለ ቀጭን ድምፅ ነው የሚዘፍነው፣ ግን ቀስ ብሎ። ያ የሚያህል ትልቅ ሰው፣ ሰረገላ በትከሻው ያነሳ ሰው፣ በዚያ በሚሳሳ ድምፅ «እኔን ውሰደኝ፣ እሱ ይኑር» ሲል። ከቴፕ የማይሰማ ነገር ሰማሁ፤ ረጅሙን ድምፅ ከመያዙ በፊት አየር ሲስብ። እዚያ ላይ ሰው መሆኑ ነው የገባኝ፣ ዛሬ ሊያቅተው ይችል ነበር፣ አላቃተውም።

ዣቬር ድልድዩ ላይ ሲቆምና ያ ዜማ ሲመለስ፣ ጣና ዳር፣ ነግረኸኝም ደነገጥኩ። መጽሐፉን ሳነብ ዣቬርን ጠልቼው ነው የጨረስኩት። እዚህ አለቀስኩለት። አንድ ዜማ ሁለት ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ጠላቴን አሳዘነኝ።

እልልታውን መጨረሻ ላይ ለቀቅኩት። ከኋላዬ የነበሩ አሮጊት ዞር ብለው አጨበጨቡልኝ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አመጣሁባችሁ። በአማርኛ እንዲህ ያለ፣ አንድም ወሬ የሌለበት ቲያትር ባህር ዳር ላይ ለምን አይሠራም?

ጣና ዳር

ይሠራል፣ ግን ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ከመጀመሪያው ቀን አብረው መቀመጥ አለባቸው። «ሌ ሚዜራብል» በ1980 ፓሪስ ታይቶ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ሲገባ ግጥሙ ተተርጉሞ ብቻ አይደለም፣ ብዙው አዲስ ተጽፏል። ያኔም ብዙ የጋዜጣ ሐያስያን አጣጥለውት ነበር፣ ሕዝቡ ግን ትኬት መቁረጡን አልተወም። የኛ ቋንቋ ደግሞ ጠብቆና ላልቶ ትርጉሙ ስለሚለወጥ ዜማው ቃሉን ያለ ቦታው ቢያጠብቀው ወይም ቢያላላው ተመልካቹ ሌላ ነገር ይሰማል። ለዚህ ጥሩ ጆሮ ያለው ገጣሚ ያስፈልጋል። ከዚያ ቋሚ የሙዚቃ ቡድን፣ ረጅም ልምምድ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሚከፍል ሰው። ችሎታ አልጠፋም፣ ገንዘቡና ትዕግሥቱ ነው።

የኤልያሱ ተማሪ

ታሪኩን እኔ ልምረጥላችሁ፣ የበላይ ዘለቀን። አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለ ሰው። ሲዘምት ቀረርቶ አለ፣ ሲማርክ ፉከራ አለ፣ ሲሞት ሙሾ አለ። ቀረርቶው መጀመሪያ በሱ አፍ ይሁን፣ መጨረሻ ላይ ያው ዜማ ቀስ ብሎ በአልቃሿ አፍ ይምጣ። ጣና ዳር፣ ዜማ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ግጥሙን ከዚህ እንጀምረዋለን፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።