ቻይና አሜሪካን ትቀድማለች? መጀመሪያ በምን እንደምንለካ እንስማማ

ሚዛን፦ የሳምንቱ ክርክር ይኸውና። ቻይና አሜሪካን አልፋ የዓለም ቀዳሚ ኃያል አገር መሆን ትችላለች? "ነገሩ አልቋል፣ ቻይና በልታቸዋለች" የሚለውንም፣ "ቻይና ከመኮረጅ ሌላ ምን ታውቃለች" የሚለውንም ጠግበነዋል። ማስረጃ ያለው ይግባ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ይሁን፤ ባለፈው አንዱ በእኛ፣ ሌላው በእነሱ ሲቆጥር በስምንት ዓመት ተላልፈን ነበር።

ብረት ለባሽ፦ እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው አርጅቷል። ኃያልነት መሥራት መቻል ከሆነ ቻይና ካለፈች ቆየች። በ2024 ያመረተችው ብረት ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው፤ የዓለምን ግማሽ ማለት ነው። አሜሪካ 80 ሚሊዮን ቶን ገደማ። በዓለም ላይ ከሚሠራው የንግድ መርከብ ከግማሽ በላዩ ከቻይና ይወጣል፤ የአሜሪካ ድርሻ 1 በመቶ አይሞላም። ኤሌክትሪክ ቻይና በዓመት 10 ሺህ ቴራዋት ሰዓት ታመነጫለች፤ አሜሪካ የዚያን ግማሽ እንኳ አትደርስም። በምናውቀው ልክ ልንገራችሁ፦ የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ቻይና በ2024 ብቻ የጨመረችው የፀሐይ ኃይል 277 ሺህ ሜጋዋት ነው። በአንድ ዓመት ከሃምሳ በላይ ህዳሴ!

ሽቦ፦ ቀስ በል ወንድሜ። ፀሐይ ማታ የለችም፣ ደመናም አለ። በቻይና የፀሐይ ፓነል በዓመት በአማካይ ከሙሉ አቅሙ 14 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጠው። ህዳሴ በዓመት ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ እንዲያመነጭ የታቀደ ነው። በዓመት በሚያመነጩት ስታሰላው ሃምሳህ ወደ ሃያ ይወርዳል።

ብረት ለባሽ፦ ይሁን፣ ሃያ። በአንድ ዓመት!

ወለተ ሒሳብ፦ ብረት ከተቆጠረማ ሶቪየት ኅብረትም በ1970ዎቹ በብረት ምርት አሜሪካን አልፋ ነበር፤ የት እንደደረሰች ታውቃላችሁ።

በገበያ ምንዛሪ እንየው። በ2021 የቻይና ጠቅላላ ምርት የአሜሪካን 75 በመቶ ያህል ደርሶ ነበር። በ2024 ወደ 64 በመቶ ወርዷል፤ 134.9 ትሪሊዮን ዩዋን፣ ማለትም 18.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ፣ በአሜሪካ 29 ትሪሊዮን ፊት። የቻይና ፋብሪካ ስለቆመ አይደለም የወረደው። አንደኛው ምክንያት ምንዛሪ ነው። በ2021 አንድ ዶላር 6.45 ዩዋን አካባቢ ነበር፣ በ2024 ወደ 7.2 ተጠግቷል። የ2024ቱን ምርት በድሮው ምንዛሪ ብትመነዝሩት 21 ትሪሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፣ 71 በመቶ ገደማ። ከወረደው የሚበዛው እዚያ ተገኘ። የቀረው ዋጋ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኑሮ ሲወደድ ቻይና ውስጥ የፋብሪካ ዋጋ ቁልቁል ይሄድ ነበር። በ2024 ቻይና 5 በመቶ አደግሁ ስትል በገንዘብ የተቆጠረው ዕድገቷ 4.2 ነው። አሜሪካ 2.8 አድጋ በገንዘብ ከ5 በመቶ አለፈች።

ስለዚህ ልዩነቱ እየሰፋ ነው። ነገ ተገልብጦ ቻይና በየዓመቱ ከአሜሪካ በ2 መቶኛ ነጥብ ፈጥና ብታድግ እንኳ ለመድረስ 22 ዓመት ይፈጅባታል። በ1 ነጥብ ከሆነ 44።

ብረት ለባሽ፦ እህቴ፣ በዶላር መንዝረሽ ለቻይና ፈረድሽባት። ቤጂንግ ውስጥ ፀጉር የሚቆረጥ ሰው በዶላር አይከፍልም። በመግዛት አቅም፣ ማለትም ገንዘቡ በአገሩ ገበያ በሚገዛው ልክ፣ ከተሰላ ቻይና አሜሪካን ካለፈች አሥር ዓመት ሊሞላት ነው፤ ይህን የሚለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት ራሱ ነው።

ወለተ ሒሳብ፦ ትክክል ነህ፣ ስንት ሰው በልቶ አደረ ለማለት የመግዛት አቅም ይሻላል። የጦር ኃይልን ወጪም በዚያ ማየት ይሻላል፣ ምክንያቱም የወታደሩ ደመወዝ በዩዋን ነው። ነዳጅ፣ አኩሪ አተርና የቺፕ (የኮምፒውተርና የስልክ አንጎል) መሥሪያ ማሽን ግን በመግዛት አቅም አይገዛም። ቻይና በቀን 11 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ታስገባለች። ሻጩ የፀጉር ቆራጩ ዋጋ ርካሽ ነው ብሎ አይቀንስላትም።

የዋጋው መውረድም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በቻይና አፓርታማ በብዛት የሚሸጠው ሳይሠራ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ አይጠፋውም። ገዢው ቅድሚያ ይከፍላል፣ የባንክ ብድሩንም ቤቱ ሳይቆም መክፈል ይጀምራል። አልሚው በዚያ ገንዘብ የጀመረውን መጨረስ ሲገባው ሌላ መሬት ይገዛበታል። መሬቱን የሚሸጠው የከተማው አስተዳደር ነው፤ አስተዳደሩ ከሽያጩ መንገድና ባቡር ይሠራል። ቤጂንግ በነሐሴ 2020 በአልሚዎች ዕዳ ላይ ጣሪያ ስታስቀምጥ ሰንሰለቱ ከላይ ተበጠሰ። ኤቨርግራንዴ የተባለው ትልቅ አልሚ ከ300 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ወደቀ። የመሬት ሽያጭ ገቢ በ2021 ከነበረበት 8.7 ትሪሊዮን ዩዋን በ2024 ወደ 4.9 ወረደ። ቤተሰቡ ሀብቱ ቤቱ ስለሆነ ቀበቶውን አጠበቀ፤ ቀድሞውንም የቤተሰብ ፍጆታ ከጠቅላላ ምርቱ 40 በመቶ አካባቢ ነው፣ አሜሪካ 68። ፋብሪካው ግን አልቀነሰም። ገዢ ያጣው ዕቃ ወይ ዋጋው ይሰበራል፣ ወይ መርከብ ላይ ይጫናል።

አባ መላ፦ ልጆች፣ ይህን ፊልም በጃፓን አይተነዋል። በ1995 የጃፓን ምርት በዶላር ሲቆጠር የአሜሪካን 70 በመቶ አልፎ ነበር። ያኔም "ጃፓን ቀደመች" የማይል አልነበረም። ዛሬ 14 በመቶ ገደማ ነው። እሷም የመሬት ዋጋ ነው ያንገዳገዳት፣ ከዚያ እርጅና ተከተለ።

የቻይናው እርጅና ደግሞ ይፈጥናል። በ2016 ከ17 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተወልደው ነበር፣ በ2023 9 ሚሊዮን። በ2024 ዕድለኛ የሚባለው የዘንዶ ዓመት ነው ተብሎ ትንሽ ከፍ ቢል 9.5 ሆነ፤ የሟቹ ቁጥር አሁንም በልጦታል። ሕዝቧ ከ2022 ጀምሮ እየቀነሰ ነው። የጡረታ ዕድሜውን ከጥር 2025 ጀምሮ በ15 ዓመት ውስጥ ለወንድ ከ60 ወደ 63፣ ለሴት እንደ ሥራው ዓይነት ወደ 55 ወይም 58 ከፍ ማድረግ የጀመሩት ወደው አይደለም።

ብረት ለባሽ፦ አባ መላ፣ እርስዎን ለመቃወም አይደለም፣ ግን የጃፓኑ ንጽጽር አንድ ነገር ይረሳል። ጃፓን አሜሪካን እንድታልፍ እያንዳንዱ ጃፓናዊ የአሜሪካዊውን ሁለት እጥፍ ማምረት ነበረበት፤ ማን ያደርገዋል? ቻይና 1.4 ቢሊዮን ናት፣ አሜሪካ 340 ሚሊዮን። አንድ ቻይናዊ የአንድ አሜሪካዊን ሩብ ካመረተ በቃ። አሁን 15 በመቶ ላይ ነው። ከ15 ወደ 25 ተአምር አይጠይቅም።

አባ መላ፦ ይህችን ተቀብያለሁ። ግን ሩቡን እስክታመርት ያ 1.4 ቢሊዮን እዚያው አይጠብቅህም።

ሽቦ፦ የሚያጨቃጭቀው ቺፕ ነው። አሜሪካ በጥቅምት 2022 የላቀ ቺፕና መሥሪያውን ለቻይና እንዳይሸጥ ከለከለች። የሆላንዱ ኩባንያ ኤኤስኤምኤል የሚሠራው፣ ቺፕን በብርሃን የሚያትመው የመጨረሻው ረቂቅ ማሽን ደግሞ ከዚያም በፊት ቻይና አልገባም። ማሽኑ በሰከንድ 50 ሺህ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ ይረጫል፣ እያንዳንዷን ጠብታ በሌዘር መጀመሪያ ጠፍጥፎ ቀጥሎ ያፈነዳታል፣ ከፍንዳታው የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የሆነ ብርሃን ይወጣል። ያን ብርሃን አየር ስለሚውጠው ውስጡ ባዶ መሆን አለበት። ሌንስም ስለሚውጠው በመስታወት ነው የሚመራው፤ መስታወቱን የሚሠራው የጀርመኑ ዛይስ ነው። አንዱን ማሽን ገዝቶ ፈትቶ መቅዳት የማይሆነው ለዚህ ነው። የሚቀዳው የሦስትና የአራት አገር ፋብሪካ ሰንሰለት ነው።

ቻይና ምን አደረገች? በአሮጌው 193 ናኖሜትር ብርሃን አንዱን ሽፋን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ ታትማለች። ሁዋዌ በነሐሴ 2023 ያወጣው ስልክ ቺፕ እንዲህ የተሠራ ነው። ችግሩ ድግግሞሹ ላይ ነው። አንዱ እርምጃ 99 በመቶ ቢሳካ እንበል፤ 30 እርምጃ ሲደረደር ደህና የሚወጣው 74 በመቶ ነው፣ 60 ሲሆን 55። በዚያ ላይ ሁለተኛው ኅትመት ከመጀመሪያው በጥቂት ናኖሜትር ከተንሸራተተ ሽቦው ይነካካል። ይሠራል፣ ግን ውድ ነው፣ ብዙም አይወጣም።

ብረት ለባሽ፦ የቻይናን መልስ ለምን ዘለልከው? በሚያዝያ 2025 ሰባት ብርቅዬ የምድር ማዕድናትን ያለፈቃድ አልሸጥም አለች። ማዕድኑ እንኳ ሌላም ጋ ይቆፈራል፣ አሜሪካም ካሊፎርኒያ ውስጥ አላት። መለየቱ ነው ጉዱ። በኬሚካል ጠባይ መንትያ ስለሆኑ አንዱን ከሌላው ለመለየት በአሲድና በሟሟያ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ያሳልፏቸዋል። ያን ሥራ 90 በመቶ ገደማ የያዘችው ቻይና ናት። ዲስፕሮሲየምና ተርቢየም ወደ ማግኔት የሚገቡት ሞተር ሲግል ማግኔቱ እንዳይዳከም ነው፤ እነሱ ሲጠፉ የፎርድ የቺካጎ ፋብሪካ በግንቦት 2025 ለሳምንት ቆመ። በሚያዝያ በቻይና ላይ 145 በመቶ ታሪፍ የጣለው የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት ጄኔቫ ላይ ወደ 30 የወረደው በአጋጣሚ ነው?

ሽቦ፦ በአጋጣሚ አይደለም፣ እሱን አምናለሁ። ልዩነቱ የመለያ ፋብሪካ በጥቂት ዓመት ይገነባል፤ ዕውቀቱ አልጠፋም፣ ሌላው ቀድሞ የተወው ቻይና በርካሽ ስለምትሠራውና ሥራው ቆሻሻ ስለሚበዛበት ነው። የቆርቆሮ ጠብታዋ ሃያ ዓመት ፈጅታለች።

ዘበኛው፦ ቻይና የያዘችውን የአሜሪካ ዕዳ አንድ ቀን ብትሸጠውስ? ዶላር አለቀለት!

ወለተ ሒሳብ፦ ይህ ወሬ አይሞት። የአሜሪካ መንግሥት ዕዳ 36 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል፤ ቻይና በ2024 መጨረሻ የያዘችው 760 ቢሊዮን አካባቢ ነው፣ 2 በመቶ። በጅምላ ልሽጥ ብትል ዋጋው የሚወድቀው መጀመሪያ በራሷ እጅ ያለው ነው። አሜሪካን የሚያሳስባት ሌላ ነው፦ የወለድ ወጪዋ በ2024 የመከላከያዋን በጀት አልፏል።

መርካቶ ተራ፦ ስለ ዶላር ከተነሳ አንድ ነገር በቅርብ እንይ። የመርካቶ አስመጪ ከዪዉ፣ ከቻይናዋ የጅምላ ገበያ ከተማ፣ አንድ ኮንቴይነር ዕቃ ያዛል። ሻጩ ቻይናዊ፣ ፋብሪካው ቻይና፣ ብዙ ጊዜ መርከቡም የቻይና ሥራ ነው፣ ዕቃው ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣበት ባቡር እንኳ በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያ የተዘረጋ ነው። ኤልሲው (የባንክ የክፍያ ዋስትናው) ግን የሚከፈተው በብዛት በዶላር ነው! ገንዘቡ የሚያልፈው አሜሪካ ውስጥ ሒሳብ ባለው ተቀባይ ባንክ በኩል ነው። አሜሪካ በዚያ ንግድ ውስጥ ምንም አላመረተችም፣ በሩ ላይ ግን ቆማለች፤ ማን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት።

ዩዋን ለምን አይተካም ለሚል፦ ሻጩም ዩዋኑን ሲቀበል ይደሰት ይሆናል፣ ሌላው ዓለም ግን ዩዋን ሲተርፈው የት ያስቀምጠው? ቻይና ካፒታል እንዳይወጣ ትቆጣጠራለች፤ የራሷ ዜጋ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ መመንዘር አይፈቀድለትም። በ2024 የንግድ ትርፏ ወደ 1 ትሪሊዮን ዶላር ተጠግቷል፤ ከምትገዛው በላይ የምትሸጥ አገር ገንዘቧን ለዓለም በምን ትበትነው? ለዚህ ነው በማዕከላዊ ባንኮች ክምችት ዶላር 58 በመቶ አካባቢ፣ ዩዋን 2 በመቶ ገደማ የሆነው።

ብረት ለባሽ፦ በ2022 የሩሲያን ክምችት ወደ 300 ቢሊዮን ዶላር ሲያግዱ ግን ሁሉም አየ። ያን ቀን ያልደነገጠ ማዕከላዊ ባንክ የለም።

መርካቶ ተራ፦ ደንግጠው ወርቅ ገዙ። ዩዋን አልገዙም።

አባ መላ፦ ታሪኩን ላስታውሳችሁ። አሜሪካ እንግሊዝን በምርት ያለፈችው በ1870ዎቹ ነው። ፓውንድ ግን ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ነገሠ፤ ዶላር ዙፋኑ የጸናለት ከሁለት የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1944 አገሮች ስለ ዓለም ገንዘብ በተስማሙበት የብሬተን ውድስ ጉባኤ ላይ ነው። እንግሊዝ ራሷ መታለፏን የተረዳችው በ1956 ነው፤ ግብፅ ውስጥ ስዊዝ ቦይ ላይ ጦሯን አስገብታ ሳለ አሜሪካ ፓውንዱን አልደግፍም ስትላት ጦሯን አወጣች። በምርት መቀደምና በገንዘብ መቀደም መካከል ሰባ ዓመት ሊገባ ይችላል።

ወለተ ሒሳብ፦ አባ መላ ያሉትን ወደ ራሴ ላዙረውና ብረት ለባሽ የተወውን እኔ ልሙላለት፤ መርከብ እኔንም ያስጨንቀኛል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮንስቴሌሽን የተባለውን ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ከጣሊያን የተሞከረ ዲዛይን ወሰደ። ሲጀመር 85 በመቶ ከእናት መርከቡ ጋር አንድ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሲቀያይሩት ሲቀያይሩት ከ15 በመቶ በታች ወረደ። ዲዛይኑ ሳያልቅ ብረት መቁረጥ ጀመሩ፣ መርከቡ ከበደ፣ ርክክቡ ከ2026 ወደ 2029 ተገፋ። በ2025 መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በቀር ተሰረዘ። ይህ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ በ2024 አሜሪካ ለጦር ያወጣችው 1 ትሪሊዮን ዶላር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፣ የቻይና የሚገመተው የዚያ ሲሶ ነው። ብየዳ የሚያውቅ ሰውና መርከብ መሥሪያ የለም። ዶላር አትሞ ብየዳ አይገኝም።

ብረት ለባሽ፦ ይኸው! ከመጀመሪያው ያልኩት ይህን አይደል?

ወለተ ሒሳብ፦ ግማሹን። ያንተዋ ቻይና ያን ሁሉ መርከብ ይዛ ከአገሯ ውጭ በይፋ ያላት የጦር ሰፈር ጅቡቲ ያለው ነው፣ እሱም ከአሜሪካኖቹ ሰፈር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ። ነዳጇ የሚበዛው በማሌዥያና በኢንዶኔዥያ መካከል ባለው ጠባብ የማላካ ወሽመጥ ነው የሚያልፈው። የጃፓንና የደቡብ ኮሪያ መርከብ መሥሪያዎችን ስትደምር ደግሞ የቻይና ብልጫ እንደዚያ አይሰፋም፤ የኮሪያው ሃንዋ በ2024 ፊላደልፊያ ውስጥ መርከብ መሥሪያ የገዛው ለዚህ ነው።

ብረት ለባሽ፦ እነዚያ አጋሮችም ታሪፍ የተጣለባቸው ናቸው እኮ።