ክርክር፦ ካንሰር ሊያመጣ የሚችል የጂን ህክምና ለህጻን ይሰጥ ወይስ ይቅር?

ሳሮን፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የዛሬው ጥያቄ ስለ ስካይሶና ነው። ሲኤኤልዲ ለሚባል የወንድ ልጆችን አእምሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለሚያጠፋ በሽታ የሚሰጥ የጂን ህክምና ነው፣ አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. ፈቀደችው። በ2024 በወጣ ጥናት ግን ከታከሙት 67 ልጆች 7ቱን የደም ካንሰር ያዛቸው። ይቁም ወይስ ይቀጥል?

ቢኒያም፦ ይቁም። ይሄ እኮ የመጀመሪያው አይደለም፣ ፓሪስ ኔከር ሆስፒታል በ1999 የተጀመረው ሙከራ ላይ 2002 ሁለት ልጆች ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ያዛቸው፣ ከዛ ሌሎችም፣ ለንደን ላይም አንድ፣ ሲደመር ከ20 ልጅ 5ቱን ያዛቸው፣ አንዱም ሞተ። የተጠቀሙት የአይጥ ሉኪሚያ ቫይረስ አስተካክለው ነው! ዶሮ ላይ ቫይረሱ ጎረቤት ያለ ጂን ቀስቅሶ ካንሰር እንደሚያመጣ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ይታወቃል

ሚኪ፦ ቢኒ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን የነማን ልጆች እንደነበሩ ዘለልከው። ያለ በሽታ መከላከያ የተወለዱ፣ ተራ ጉንፋን የሚገድላቸው፣ ሙሉ የሚስማማ የመቅኒ ለጋሽም ያልተገኘላቸው ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ በህይወት ያሉት በዛ ህክምና ነው

ትግስት፦ ሚኪ ቆይ፣ እንዴት ነው አንድ ቫይረስ ካንሰር የሚያመጣው በቀላሉ አስረዳን

ሚኪ፦ ከልጁ መቅኒ ስቴም ሴል (ሌሎቹን የደም ሴሎች የሚፈጥረውን) ይወስዳሉ፣ ጤነኛውን ጂን በቫይረስ አስጭነው ያስገቡና ይመልሱለታል። ቫይረሱ ዲኤንኤው ውስጥ ገብቶ ይጣበቃል፣ የት እንደሚጣበቅ ግን ማንም አይመርጥለትም፣ የአይጡ ዓይነት ደግሞ ጂን የሚጀምርበት አካባቢ መግባት ይወዳል። ጫፉ ላይ ኢንሃንሰር አለው፣ እሱ አጠገቡ ያለውን ጂን ያስነሳል። ፓሪስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤልኤምኦ2 የሚባለው ጂን አጠገብ ነበር የገባው፣ ይሄ ጂን ቲ ሴል (የበሽታ መከላከያ ሴል) ሲበስል መጥፋት ነበረበት፣ ሳይጠፋ ሲቀር ሴሉ ሳይበስል ዝም ብሎ ይባዛል፣ ላዩ ላይ ሌላ የጂን ጉዳት ሲጨመር ሉኪሚያ ይሆናል፣ ለዛ ነው ዓመታት ቆይቶ የመጣው

ቢኒያም፦ እሺ፣ ከዛ ሌንቲቫይረስ (የኤች አይ ቪ ቤተሰብ የሆነ፣ ተስተካክሎ የሚሰራበት ቫይረስ) መጣ አስተማማኝ ነው ተባለ። ስካይሶና እኮ ሌንቲቫይረስ ነው!!

ሚኪ፦ አዎ፣ ይሄንን መካድ አልችልም። ጫፉ ላይ ያለውን ኢንሃንሰር ቆርጠውታል፣ ግን ጂኑን በደንብ እንዲያሰራ ብለው መሀሉ ላይ ሀይለኛ ፕሮሞተር (የጂን ማብሪያ) ተከሉበት፣ እሱ ሜኮም የሚባለውን ከደም ካንሰር ጋር የተያያዘ ጂን ቀሰቀሰ። ግን የአይጡን ቫይረስ ኢንሃንሰሩን ቆርጠው ለስለስ ያለ ፕሮሞተር ያደረጉበት የእነ ፓሪስ ሙከራ በ2014 ሲታተም ከ9ኙ ልጆች ሉኪሚያ የያዘው አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ ማብሪያው ላይ ነው

ትግስት፦ እኔ የህጻናት ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ኬሞ ላይ ያለ የ6 ዓመት ልጅ ያየ ሰው "ሊታከም የሚችል ካንሰር ነው" ብሎ አያቃልለውም። ግን ልጇ መናገርና መራመድ ሲያቅተው ቆማ የምታይ እናትን አትሞክሪ ማለትም አልችልም፣ በፍጹም

ሳሮን፦ በ2025 የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስካይሶና ላይ ገደብ አድርጎበታል፣ የሚስማማ ለጋሽ ላልተገኘለት ልጅ ብቻ

ቢኒያም፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ፣ ለጋሽ ከሌለ ሌላ ነገር ነው። ግን እነዚህ ልጆች 15 ዓመት ክትትል ያስፈልጋቸዋል፣ ስካይሶናን የሚሰራው ኩባንያ ደግሞ በ2021 ከአውሮፓ ገበያ ለቆ ወጥቷል። እዛ ለታከመ ልጅ በየዓመቱ ደሙን የሚመረምርለት ማነው? ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ይሄ በጽሁፍ ይሰጠው