ሳይንቲስትና መሐንዲስ ከጠዋት እስከ ማታ በእጁ የሚሠራው ምንድን ነው?

ተማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የትምህርት መስክ ልመርጥ ነው። ስለ ግኝትና ስለ ትልልቅ ፕሮጀክት ብዙ ይወራል፤ አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን እንደሚመስል የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚነኩት ነገር ምንድን ነው? ምን ይለካሉ? ብዙ ጊዜ የሚበላሸውስ ምኑ ነው? «ምርምር ያደርጋሉ»፣ «ዲዛይን ይሠራሉ» የሚለው መልስ አይበቃኝም። ሥራውን በቅርብ የምታውቁ እስከ መጠኑ ድረስ ብትዘረዝሩልኝ ደስ ይለኛል።

ፒፔት፦
በሞለኪውላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በጣም የተለመደው ሥራ ፒሲአር ነው፤ ከናሙናው ውስጥ የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ ማባዛት። ስምንት ናሙና ቀርቧል እንበል። ሁለት መቆጣጠሪያ ይጨመርበታል፦ አንዱ ቁራጩ እንዳለበት በእርግጠኝነት የሚታወቅ ዲኤንኤ፣ ሌላው ምንም ዲኤንኤ የሌለበት ንጹሕ ውኃ። በድምሩ 10 ቱቦ መሆኑ ነው። ድብልቁ ግን ለ11 ነው የሚዘጋጀው፤ ፈሳሽ በሚመጥጠው ፒፔት ጫፍ ላይ በሚገባው ቲፕ ሁልጊዜ ጥቂት ስለሚቀር ልክ ለ10 ያዘጋጀ ሰው የመጨረሻው ቱቦ ላይ ያጥረዋል። ለአንዱ 23 ማይክሮሊትር ከሆነ 253 ማይክሮሊትር ይሆናል፦ ውኃ፣ በፈር (አሲድነቱን የሚያረጋጋ ፈሳሽ)፣ ኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤ መገንቢያ)፣ ሁለት ፕራይመር (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፎች የሚይዙ አጫጭር ዲኤንኤዎች)፣ በመጨረሻም ዲኤንኤውን የሚገነባው ኢንዛይም። ኢንዛይሙ የሚቀመጠው በግሊሰሮል ውስጥ ስለሆነ ይዘቅጣል፤ ድብልቁን በቀስታ ማገላበጥ ግድ ነው። ከዚያ በየቱቦው 2 ማይክሮሊትር ናሙና ይገባል፣ ለእያንዳንዱ በአዲስ ቲፕ። የውኃው ቱቦ መጨረሻ ላይ ይሞላል፤ በሥራው መሐል ብክለት ገብቶ ከሆነ እሱ እንዲያጋልጠው።

ማሽኑ 95 ዲግሪ ላይ የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች ይለያል፣ ወደ 58 አካባቢ ወርዶ ፕራይመሮቹን ያጣብቃል፣ 72 ላይ ኢንዛይሙ አዲሱን ክር ይሠራል። ይህ ከ30 እስከ 35 ጊዜ ይደጋገማል። እስከዚያ ድረስ አጋሮስ ከሚባለው ዱቄት 1.5 ግራም በ100 ሚሊሊትር በፈር ፈልቶ ጄል ይፈስሳል፤ የተባዛው ዲኤንኤ በኤሌክትሪክ እየተገፋ በጄሉ ውስጥ ሄዶ መስመር ሆኖ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ጄሉን ማንበብ ነው። የውኃው ቱቦ መስመር ካሳየ የቀሩት ውጤቶች ምንም ያህል ቢያምሩ አይታመኑም። 30 ዙር አንዷን ሞለኪውል በንድፈ ሐሳብ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ያደርሳታል፤ ስለዚህ የትናንቱ ቱቦ ሲከፈት የተነሣች ለዓይን የማትታይ ጠብታ ብቻዋን ትበቃለች። ያን ጊዜ የተከፈተውን ውኃና ድብልቅ ጥሎ በአዲስ መጀመር፣ ጠረጴዛውንም በቀጠነ በረኪና መወልወል ነው። አልኮል እዚህ አያድንም፤ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ ዲኤንኤውን አያፈርስም። ዲኤንኤ እንዳለበት የሚታወቀው ቱቦ ባዶ ከወጣ ጥፋቱ ከድብልቁ ወይም ከማሽኑ ነው። እሱ ሠርቶ ናሙናው ባዶ ከሆነ ደግሞ «የለም» ብሎ ከመደምደም በፊት ናሙናውን 10 እጥፍ አቅጥኖ መድገም ያስፈልጋል፤ ከደምና ከአፈር የሚወጣ ዲኤንኤ ኢንዛይሙን የሚያግድ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አርማታ፦
የሳይት መሐንዲስ ዋና ሥራ ኮንክሪቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከተሞላ በኋላ ማረም ማለት ማፍረስ ነውና። ስዕሉን ይዞ የፌሮውን ዲያሜትር፣ ብዛትና ርቀት ይለካል፤ በፌሮውና በፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ በሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ) መካከል ርቀቱን የሚጠብቀው ስፔሰር መግባቱን ያያል። ስፔሰር ጎድሎ ፌሮው ጣውላውን ከነካ የኮንክሪቱ ሽፋን ይሳሳል፤ ከዓመታት በኋላ እርጥበት ይገባል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ቦታ ሲፈልግ ኮንክሪቱን ይገነጥለዋል።

መኪናው ሲደርስ ስላምፕ፣ ማለትም እርጥቡ ኮንክሪት ቅርጹ ሲነሣለት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ ይለካል። ሾጣጣው ቅርጽ ቁመቱ 300 ሚሊሜትር፣ የታች አፉ 200፣ የላይ አፉ 100 ነው። በሦስት ንብርብር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ንብርብር በ16 ሚሊሜትር ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፤ ከዚያ ቅርጹ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይነሣና ኮንክሪቱ ስንት ሚሊሜትር ዝቅ እንዳለ ይለካል። ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ከወደቀ በአዲስ ናሙና ይደገማል።

የዘወትር ክርክሩ ውኃ ላይ ነው። ኮንክሪቱ ሲደርቅባቸው «ውኃ ጨምሩበት» የሚሉ አይጠፉም። በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶና 180 ሊትር ውኃ ካለ የውኃው ምጣኔ ለሲሚንቶው 0.50 ነው፤ 20 ሊትር ሲጨመር ወደ 0.56 ይወጣል። ሲሚንቶው ያልተጠቀመበት ውኃ ሲደርቅ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ጥንካሬውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ማላላት ካስፈለገ የተፈቀደው ፕላስቲሳይዘር (ያለ ተጨማሪ ውኃ የሚያላላ ኬሚካል) ይጨመር እንጂ ውኃ መንካት የለበትም፤ እዚህ ላይ መሐንዲሱ እሺ ማለት የለበትም።

ከዚያው ኮንክሪት 150 ሚሊሜትር ኪዩቦች ይሞላሉ፣ 20 ዲግሪ ገደማ ውኃ ውስጥ ይቆያሉ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራሉ። በ675 ኪሎኒውተን የተሰበረ ኪዩብ ለ22,500 ካሬ ሚሊሜትር ሲካፈል 30 ሜጋፓስካል ነው። ሲሞላ ከላይ በእጅ የተስተካከለው ፊት በማሽኑ ላይ ወደ ጎን ይዙር፤ ሸካራ ስለሆነ ጭነቱ ጥቂት ነጥብ ላይ ያርፍና ደኅናው ኮንክሪት ደካማ መስሎ ይታያል።

ዜሮቮልት፦
ኤሌክትሮኒክስም ያው ነው፤ አስቀድሞ መፈተሽ። አዲስ የተገጣጠመ ቦርድ ወዲያው ኃይል አይሰጠውም። መጀመሪያ በመልቲሜትር በኃይል መስመሩና በግራውንዱ መካከል ያለው ሬዚስታንስ ይለካል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሾርት አለ፤ መነካካት የሌለባቸው መስመሮች ተነካክተዋል። ከዚያ የፓወር ሰፕላዩ የከረንት ገደብ ዝቅ ብሎ፣ ለትንሽ ቦርድ 100 ሚሊአምፔር ላይ፣ ይሞከራል። ገደቡን ከነካ ጠፍቶ ስህተቱ ይፈለጋል፤ ቺፑም ይተርፋል።

ጀማሪን ብዙ የሚያደክመው ኦሲሎስኮፑ (ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ) ራሱ የሚፈጥረው ምልክት ነው። 15 ሳንቲሜትር ያህል የሆነው የፕሮቡ (ቦርዱን የሚነካው የመለኪያ ጫፍ) የግራውንድ ሽቦ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) አለው፤ ከፕሮቡ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ ባሕርይ) ጋር ሆኖ ፈጣን ምልክት ላይ መወዛወዝ ያሳያል። ሰው ያንን ቦርዱ ላይ ሊያጠፋ ሲደክም ይውላል፤ ቦርዱ ላይ ግን የለም። ሽቦውን አውልቆ ጫፉ ላይ በምትገባው አጭር ስፕሪንግ መለካት ነው። ፕሮሰሰሩ አልፎ አልፎ ራሱን ዳግም የሚያስነሳ ከሆነ ደግሞ ኃይሉን የሚያረጋጋው 100 ናኖፋራዱ ካፓሲተር ከቺፑ የኃይል ፒን ርቆ እንደሆነ ይታይ። አንድ ነገር ብቻ ለውጦ መለካት፤ ሁለት ለውጦ ከተስተካከለ የቱ እንዳዳነው አይታወቅም።

ስሌት፦
ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉም አሉ። አንድ ድልድይ ወይም የአውሮፕላን ክንፍ በጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ ሲሰላ የክፍሎቹ መጠን በግማሽ ይቀነስና እንደገና ይሰላል፤ መልሱ ብዙ ከተለወጠ የመጀመሪያው መልስ መልስ አልነበረም። ቀጥሎ አሃድ ይመረመራል። በ1999 የናሳ የማርስ መንኮራኩር የጠፋችው አንዱ ሶፍትዌር በፓውንድ–ሰከንድ የሰጠውን ቁጥር ሌላው ኒውተን–ሰከንድ አድርጎ ስለወሰደው ነው፤ ልዩነቱ 4.45 እጥፍ ነው።

ተማሪው፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ልጨምር፦ ውጤቱ የተሳሳተ ሲመስል ከየት ተነሥቶ ነው ስህተቱ የሚፈለገው?

ፒፔት፦
ከመዝገብ ነው ወንድሜ። ገጹ ቁጥርና ቀን አለው፤ በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም። የኢንዛይሙ ጠርሙስ የምርት ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ የትኛው ፒፔት እንደተያዘ ሁሉ ይሰፍራል። ጥሬው ዳታ አይነካም፤ ትንታኔ የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ጥርጣሬው ፒፔቱ ላይ ካረፈ ምርመራው ቀላል ነው። ትብ ሚዛን ላይ 100 ማይክሮሊትር ንጹሕ ውኃ 10 ጊዜ ይመዘን፤ 20 ዲግሪ ላይ በየጊዜው ወደ 99.7 ሚሊግራም መስጠት አለበት። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ ፒፔቱ ማስተካከያ ይፈልጋል። አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ካሉ ግን ወይ ማሸጊያው ላልቷል፣ ወይ ቲፑ በደንብ አልገባም፣ ወይ አውራ ጣት ቁልፉን በፍጥነት እየለቀቀው ነው።