ሃርድ ዲስኩ ሀብ ላይ ስሰካው ይጠፋል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (ፎቶ ቤት)፦ ሰላም ናችሁ? ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔ ሁለት የዩኤስቢ ፖርት ብቻ ስላለው ባለ 4 ሀብ (አንዱን ፖርት ወደ አራት የሚያበዛውን ዕቃ) ገዛሁ። ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፕሪንተርና የ1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እሱ ላይ ሰካሁ። ሃርድ ዲስኩ ብቻ አልሆነም። ፎቶ መገልበጥ ስጀምር ቲክ ቲክ ይላል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ከዚያ «ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ» (የተሰካውን ዕቃ አላወቅኩትም) የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ውስጡ ገና ያላስረከብኩት የሰው ሠርግ አለ። ከማታ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ጠጋኙ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪ፣ ውስጡ ያለውን ያጠፋብሻል! ካንስል በይው። አሁኑኑ ዲስኩን ከሀቡ ንቀይና አሳርፊው። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ሀቡ ግድግዳ ላይ የሚሰካ የራሱ የመብራት አዳፕተር አለው? የሃርድ ዲስኩ ኬብል አብሮት የመጣው ነው?

ጠያቂ፦ አዳፕተር የለውም፣ ላፕቶፑ ላይ ብቻ ነው የሚሰካው። ኬብሉ ከጠፋብኝ ቆይቷል። የድሮ ስልኬን ቻርጀር ገመድ ነው የምጠቀመው፣ ልክ ይገባል።

ጠጋኙ፦ በይ ተገኘ። የሃርድ ዲስኩን ቀዳዳ ተመልከቺው። ሰፊ ነው፣ መሃሉ ላይ ከፈል ብሏል። የስልኩ ገመድ ግማሹን ብቻ ይዞ ግማሹ ክፍት ይቀራል። ይሠራል፣ ግን በድሮው ዩኤስቢ 2.0 መንገድ ነው የሚሠራው። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው ኤሌክትሪክ እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፣ አዲሱ 3.0 ደግሞ እስከ 900። አዳፕተር የሌለው ሀብ ከአንድ ፖርት ያገኘውን ያንኑ ለማውሱም ለኪቦርዱም ለዲስኩም ያካፍላል። ማውስና ኪቦርድ ጥቂት ስለሚበቃቸው ምንም አይሉም። ዲስክ ግን ሞተር አለው፣ መዞር ሲጀምር በደንብ ይስባል። ኃይሉ ሲያንሰው ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ያ ቲክ ቲክ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀጭን ገመድ ደግሞ መንገድ ላይ ቮልቴጁን ስለሚያወርድ ይብስበታል። ፕሪንተሩን ተይው፣ የራሱን መብራት ስለሚጠቀም ጥፋተኛ አይደለም።

የአይቲ ተማሪ፦ እኔም እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ግቢ፣ «ዩኤስቢ ሩት ሀብ» የሚለውን ክፈቺ፣ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ። የኔ በዚያ ተስተካከለ።

ጠጋኙ፦ እሱ ልክ ነው፣ ግን ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ለሚጠፋ ሰው ነው። የእሷ እየገለበጠች መሃል ላይ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኃይሉን እናስተካክል። እህቴ፣ ሰፊ አፍ ያለውን ትክክለኛ የ3.0 ኬብል ግዢ፣ አጭሩን ምረጪ። ከላፕቶፕሽ ፖርቶች ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ ያለው ካለ ብዙ ጊዜ 3.0 እሱ ነው፣ እሱ ላይ በቀጥታ ስኪው። ከተከፈተልሽ ሌላ ምንም ሳትነካኪ መጀመሪያ ፎቶውን ገልብጪ። ኤረር ቼክ የሚሉትን፣ ዲስኩን ፈትሾ የሚጠግነውን ነገር ሳትገለብጪ እንዳታስጀምሪ፣ የታመመ ዲስክ ከሆነ ያባብሰዋል። በጥሩ ኬብል፣ በቀጥታ ተሰክቶም ቲክ ቲክ ካለ ግን ዲስኩ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ደጋግመሽ አትሞክሪ፣ ዳታ ማውጣት ለሚችል ባለሙያ ስጪው።

ሌላ አባል፦ ካልጠፋ ሰዓት መሃል ገባሁ፣ ግን የኔ ሽቦ አልባ ማውስ ሃርድ ዲስክ በሰካሁ ቁጥር ይንቀረፈፋል። ይሄም የኃይል ነገር ነው?

የአይቲ ተማሪ፦ አይደለም። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፣ ማውስህም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። የማውሱን ሪሲቨር (ፖርት ላይ የምትሰካዋን ትንሿን ዕቃ) ከዲስኩ ራቅ አድርገህ፣ ቢቻል በሌላኛው ጎን ስካት።

ጠያቂ፦ ወንድሞቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ኬብሉን ገዛሁ። ሰማያዊው ፖርት እያለ ሀቡን ጥቁሩ ላይ አድርጌው ነበር ለካ። ዲስኩን በቀጥታ ሰማያዊው ላይ ሰካሁት፣ ድምፁ ጠፋ፣ ፎልደሮቹ ሁሉም አሉ። ሠርጉን ሙሉውን ላፕቶፑ ላይ ገልብጬ አሁን ሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ኮፒ እያደረግኩ ነው። ሀቡን ልጣለው?

ጠጋኙ፦ እሰይ! አትጣዪው፣ ለማውስ፣ ለኪቦርድና ለፕሪንተር ይበቃል። ለዲስክ ሀብ ካስፈለገሽ አዳፕተር ያለውን ግዢ። ዲስኩን ስትነቅዪም መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ኢጀክት (አስወጣ) የሚለውን ተጫኚ፣ በተለይ እየገለበጥሽ ከነበረ።