አጂካዬ ውሃ እየለቀቀ አስቸገረኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የጆርጂያውያንን የቀይ ቃሪያ ድልህ፣ አጂካን፣ ቤቴ ለመሥራት እየሞከርኩ ነው። የምኖረው እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ነው። እዚህ ከጆርጂያ የመጡ ብዙ አይሁዶች ስላሉ ቅመሙን ማግኘት አልከበደኝም።

የምፈልገው በምዕራብ ጆርጂያ ያለውን የሳሜግሬሎ አካባቢ ዓይነት፣ ቲማቲም የሌለበትን ነው። ቲማቲም ከገባበት ለኔ ሱጎ ነው። የማስገባው ቀይ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ፍሬ፣ ጨውና ኡትስኾ ሱኔሊ ነው። ይሄ የመጨረሻው የአብሽ ዘመድ ነው፤ ግን ሽታው ለስለስ ያለ፣ ምሬቱም ያነሰ ነው። በጣም ነው የምወደው!

ችግሬ ውፍረቱ ላይ ነው። የቃሪያውን ፍሬ አውጥቼ በሥጋ መፍጫ ደጋግሜ እፈጨዋለሁ። ያኔ ደህና ይመስላል። ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ግን ውሃው ተለይቶ ይወጣል። ሰንበት ሲል ደግሞ አረፋ ያወጣና ይኮመጥጣል። ለ1 ኪሎ ቃሪያ 60 ግራም ጨው ነው የማደርገው።

ቃሪያውን ከመፍጨቴ በፊት ማጠውለግ አለብኝ? ከሆነ ፀሐይ ላይ ነው ጥላ ውስጥ? ለስንት ቀን? ጨው ልጨምር ወይስ ውሃውን ላጥልለው? ዋልነት የሚጨምሩም አሉ፤ ውሃውን ይይዝልኛል ወይስ ቶሎ ያበላሸዋል? ማብሰል ግን አልፈልግም፣ የጥሬው መዓዛ ይጠፋል።

የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ የቃሪያና የጨው ልካችሁን ጻፉልኝ። ቀይ ቃሪያ አሁን ገበያው ላይ ሞልቷል፣ ሳያልፍብኝ ልሥራው።