የቫን ጣሪያ ቆርጦ በከፍተኛ ጣሪያ መተካት፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የዕቃ ቫን ወደ ካምፐር (እየተጓዙ የሚያድሩበት መኪና) እየቀየርኩ ነው። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ወለሉም ንጹሕ ነው። ያስቸገረኝ ጣሪያው ነው። ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው ጠርዝ ዝጓል። በግራ በኩል የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቦይም እንደዚያው። የውስጥ ኮርኒሱን ሳወርደው በቀዳዳዎቹ የቀን ብርሃን ይታያል።

በዚያ ላይ ጣሪያው አጭር ነው። ካላጎነበስኩ ውስጡ መንቀሳቀስ አልችልም። ለዚሁ ሞዴል የተሠራ፣ ያገለገለ ከፍ ያለ የፋይበርግላስ ጣሪያ አግኝቻለሁ። ሐሳቤ አሮጌውን ቆርጬ ይሄንን መትከል ነው።

ምን ያህሉን ልቁረጥ? ከቆረጥኩ በኋላ በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ ካሬ ብረት) ማጠናከር ግዴታ ነው? ማሰሪያውስ ብሎን ይሁን ሙጫ? ብየዳ እችላለሁ። የመኪና ላሜራ ላይ ግን ብዙ አልሠራሁም።

ላሜራ ሠሪ፦

ወንድሜ፣ ግራይንደሩን ለጊዜው አስቀምጠው። የቫን ጣሪያ እንደ ድስት ክዳን አንስተህ የምትቀይረው ነገር አይደለም። የጎን ግድግዳዎቹን ወጥሮ የያዘው እሱ ነው። ላይ ያለው ቀጭን ላሜራ፣ ከሥሩ ያሉት አግዳሚ አጥንቶች፣ በግራና በቀኝ ያሉት ረጃጅም ጠርዞች አንድ ላይ ሆነው ነው ኃይል የሚሸከሙት። መሃሉ ሲወጣ ግድግዳው ወደ ውጭ መለጠጥ ይጀምራል። ቀድሞ የሚነግርህ ተንሸራታቹ በር ነው፤ ቁልፉ አልገጥም ይልሃል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከፍ ያለ የፋይበርግላስ ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በዚያው በዝናብ ቦዩ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ቦዩ ዝጓል እያልክ ነው። አዲሱን ጣሪያ በምን ላይ ልታስቀምጠው ነው? የጣሪያው ነገር ከቦዩ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቦዩ ውስጥ ያለውን የድሮ ማሸጊያ በካቻቢቴ ገፍተህ አንሳው። ከላይ ደህና ይመስላል፣ ቀለሙም ሳይላጥ ሊሆን ይችላል። ሥሩ ግን ቡናማ ዱቄት ሆኖ ታገኘዋለህ። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ አጽዳውና በካቻቢቴው ጫፍ በየቦታው ተጫነው። ጤነኛ ብረት ጠንከር ብሎ ይመልስልሃል። የሞተው ዝም ብሎ ይገባል። ያገኘኸውን ጻፍልን።

ጠያቂ፦

አደረግኩት። በግራ በኩል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ካቻቢቴው ገባ። ቀሪው ቦይ ጠንካራ ነው። ከመስታወቱ በላይ ሦስት ቀዳዳ አለ፤ ትልቁ ጣት ያስገባል። የፊት መስታወቱን ሳላወጣ መበየድ እችላለሁ?

ላሜራ ሠሪ፦

አትችልም። መስታወቱ በሙጫ ነው የተያዘው። የብየዳ ሙቀት ሙጫውን ያቃጥለዋል፣ መስታወቱንም ይሰነጥቀዋል። አስወጣው። ሲወጣ ከሥሩ ሌላ ዝገት ልታገኝ ትችላለህ፣ አትደንግጥ። ማየቱ ይሻላል።

የዛገውን ቆርጠህ ጥለህ ንጹሕ ላሜራ በዚያው ቅርጽ አጥፈህ በይድ። በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ለጥቂት ወራት ዓይን ማታለል ነው። ብየዳውን በአጫጭሩ፣ ቦታ እየቀያየርክ ምታው። አንድ ቦታ ላይ ከቆየህ ቀጭኑ ላሜራ ይጣመማል። ከዚያ ዚንክ ያለው አንቲሩጂኒ (ዝገት መከላከያ ቅብ)፣ ከዚያ ቀለም።

ወደ ቁረጣው ስንመጣ፦ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም። ውስጡን ከጥግ ወደ ጥግ በሁለት አቅጣጫ ለካና ልኩን ግድግዳው ላይ ጻፈው። ከዚያ ጊዜያዊ ድጋፍ ከግድግዳ ግድግዳ በይድበት። ስትቆርጥ ዙሪያውን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ከንፈር ተውለት። ከመስታወቱ በላይ ያለውን አግዳሚ አትንካ። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ምሰሶ ከምሰሶ የሚያገናኘውንም አትንካ፤ የደኅንነት ቀበቶው የላይ ማሰሪያ ያለው እዚያ ምሰሶ ላይ ነው። ከኋላ በሮቹ በላይ ያለውም ይቆይ።

ቱቦላሬውን በተመለከተ፣ አዎ፣ ግዴታ ነው። 30 በ30፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ክፈፍ በቀዳዳው ዙሪያ ከነበሩት አጥንቶች ጫፍ ጋር እየተበየደ ይዙር። ጣሪያውን የሠራው አምራች የራሱ የማጠናከሪያ ንድፍ ካለው ግን እሱን ተከተል።

ሌላ አባል፦

ይቅርታ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን ፋይበርግላስ? ከተጣለ ተመሳሳይ ቫን ላይ ሙሉ ጣሪያ ቆርጠህ አምጣ። የነጥብ ብየዳዎቹን በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ፈልቅቃቸው፣ አዲሱን በዚያው ቀዳዳ በይደው። ጥንካሬው ፋብሪካው እንዳወጣው ይመለሳል። ወይም በ1.5 ሚሊ አልሙኒየም ሸፍነው፣ ይቀልሃል።

ላሜራ ሠሪ፦

ስለ ተመሳሳይ ጣሪያው የተናገርከው ልክ ነው። ቁመት ለማይፈልግ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ጠያቂያችን ግን ቆሞ መሄድ ይፈልጋል።

የአልሙኒየሙ ነገር ያሳስበኛል። መቅለሉ እውነት ነው። 4.5 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ0.8 ሚሊ ብረት 28 ኪሎ ይሆናል፣ በ1.5 ሚሊ አልሙኒየም 18 ኪሎ። ግን በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። የ3 ሜትር ጣሪያ በሌሊት ብርድና በቀትር ፀሐይ መካከል 50 ዲግሪ ሴልሲየስ ቢለዋወጥ አልሙኒየሙ 3.5 ሚሊ ገደማ ይረዝማል፣ ብረቱ 1.8። በሪቬት ካሰርከው ቀዳዳዎቹ እየሰፉ ይሄዳሉ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት በቀጥታ ከተነካኩ ደግሞ አልሙኒየሙ ይበላል። ሊሠራ ይችላል፣ ግን በወፍራምና ለስላሳ ሙጫ ተለያይተው መሆን አለበት።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦

አንድ ነገር ሳትረሱት ልግባ። ብዙ ቫኖች በጣሪያው ጠርዝ ውስጥ የመብራትና የአንቴና ሽቦ አላቸው። አንዳንዶቹ የመጋረጃ ኤርባግም (በግጭት ጊዜ በጎን መስኮቱ ላይ የሚነፋ ከረጢት) እዚያው አላቸው። ኤርባግ ያለበት ቦታ አይቆረጥም፣ አይበየድም። የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ ተመልክተህ ጠርዙ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታረጋግጥ ዲስክ አታስነሳ። ከብየዳ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። የብየዳውን መሬት ገመድ ከምትበይድበት አጠገብ እሰር እንጂ ራቅ አታድርገው።

ለመቁረጥ ከተቻለ ጂግሶ ወይም ላሜራ መንከሻ ተጠቀም። የግራይንደር ፍንጣሪ የጎን መስታወቶቹ ላይ ይጣበቃል፣ አይለቅም። ቀለሙ ላይ ያረፈው ደግሞ አንድ ሌሊት እርጥበት ካገኘው ጠዋት ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይጠብቅሃል። ሁሉንም በብርድ ልብስ ሸፍን። ሥራ ስታቆም በማግኔትና በቫኪዩም ልቀመው፣ በተለይ ከተንሸራታቹ በር ሐዲድ ውስጥ።

ጀልባ ጠጋኝ፦

የሙጫው ጥያቄ የእኔ ነው፤ ፋይበርግላስ ከብረት ጋር ማያያዝ የዕለት ሥራዬ ነው። ዋናው ያዥ ሙጫ ይሁን። ብሎን ጣሪያው እስኪይዝ በቦታው ለማቆየት ነው። ብሎን ብቻ ከሆነ ጫናው ጥቂት ነጥቦች ላይ ይሰበሰብና ፋይበርግላሱ ከቀዳዳው ይሰነጠቃል። ብሎን የምታደርግ ከሆነ ቀዳዳውን ከብሎኑ ትንሽ አስፋው፣ ሰፊ ሮንዴላም አድርግበት።

ሲሊኮን አትጠቀም። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ባዶ ብረትን ያዝጋል። ሌላውም ቢሆን አንዴ የነካውን ቦታ ቀለም አይይዘውም። የምትፈልገው ለተሽከርካሪ አካል የተሠራ ፖሊዩሪቴን ሙጫ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይበርግላሱን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እሸው፤ አብረቅራቂው ቆዳ መጥፋት አለበት። ጭንብል አድርግ፣ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። ሙጫው የሚያዝዘውን ፕራይመር (ሙጫው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ) በሁለቱም ወገን ቀባ፤ ብረቱ ቀድሞ ቀለም የያዘ ይሁን።

ሰው የሚዘነጋው ውፍረቱን ነው። ጣሪያውን ጥርቅም አድርጎ በሞርሳ ሲያስረው ሙጫው በሙሉ በጎን ወጥቶ ያልቃል፣ የቀረው ወረቀት የሚያክል ነው። ያ ንዝረትና መለጠጥ አይችልም። ቢያንስ 3 ሚሊ ይቅር። 3 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ትንንሽ የጎማ ቁራጮች በየተወሰነ ርቀት ቦዩ ላይ አስቀምጥና ጣሪያው በእነሱ ላይ ይረፍ። ይህ ሙጫ የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በ24 ሰዓት 3 ወይም 4 ሚሊ ያህል ነው የሚገባው። ላዩ ደረቀ ብለህ መንገድ አትውጣ። ሰፊ መስመር ከሆነ ከሳምንት በላይ ተወው። የወጣውን ጠርዝ በመጨረሻ ቀለም ቀባው፤ ፀሐይ ይሰነጣጥቀዋል።

በካምፐር የምትኖር፦

እኔ የምጨምረው ጣሪያው ገና መሬት ላይ እያለ ስለሚሠራው ነው። የአየር ማውጫውን ቀዳዳ፣ የሶላር ገመድ መግቢያውን፣ ሁሉንም አሁን ቁረጥ። በኋላ መሰላል ላይ ሆኖ መሥራት ስቃይ ነው።

ፋይበርግላሱ ቀጭን ስለሆነ ብሎን አይይዝልህም። ቁምሳጥንና መብራት የሚሰቀሉበትን ቦታ ወስንና ከውስጥ የኮምፔንሳቶ ቁራጮች በሬዚን ለጥፍበት። ያኔ የፈለግከውን ትሰቅላለህ።

አንድ ንብርብር ፋይበርግላስ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሻችን እዚያ ላይ ውኃ ይሆንና ጠዋት ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ኢንሱሌሽኑ (የሙቀትና የብርድ መከላከያው) ክፍተት ሳይተው በቀጥታ ይለጠፍበት። ብረቱን ክፈፍ ደግሞ አትርሳ፣ ውኃው ቶሎ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ሌላው ቁመቱ ነው። ከነአየር ማውጫው ለክተህ መሪው ፊት ጻፈው። ነፋስ ሲነሳም እንደ ድሮው በፍጥነት አትታጠፍ። ምዝገባውንና የቴክኒክ ምርመራውን የሚሰጠውን ክፍል ከመቁረጥህ በፊት ጠይቅ። ክፈፉን ሳይሸፈን ፎቶ አንሳው፣ መርማሪው ማየት ይፈልግ ይሆናል።

ጠያቂ፦

በጣም አመሰግናለሁ። መስታወቱን አስወጥቼ ቦዩን እጠግናለሁ፣ ድጋፉንና ክፈፉን አሠራለሁ፣ ጣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ የቀረኝ አለ። ስንጭነው ሙጫው እየተቀባ ቦታው ቢሳሳትስ? ማሸጉንስ በምን አረጋግጣለሁ?

ጀልባ ጠጋኝ፦

ያለ ሙጫ መጀመሪያ ሞክሩት። አራት ሰው ያስፈልጋል፣ በየጥጉ አንድ። ልክ ሲቀመጥ የወረቀት ፕላስተር ከጣሪያው ወደ ግድግዳው አሻግረህ ለጥፍና መገናኛው ላይ በስለት ቁረጠው። ስታነሱት ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይቀራል። በሙጫ ስትመልሱት ምልክቶቹን ማገናኘት ብቻ ነው። ሙጫው ቆዳ ሳያበጅ መጨረስ አለባችሁ፣ ስለዚህ ሁለት ሰው በሁለት የሙጫ መግፊያ ጠመንጃ ይቀባ።

ማረጋገጫው ውኃ ነው። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ ኢንሱሌሽን ሳታስገባ። በዝቅተኛ ግፊት ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ ከጀመርክ የሚያፈሰው የቱ እንደሆነ አይለይም። ውስጥ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ ክፈፉ ሥር ደረቅ ወረቀት ያንጥፍ። እርጥብ ያየበትን ቦታ ወዲያው በእርሳስ ይክበበው።

ላሜራ ሠሪ፦

ከዚያ ጊዜያዊ ድጋፎቹን አውጣና ያንን ግድግዳው ላይ የጻፍከውን ልክ እንደገና ለካው። ተንሸራታቹንም በር ክፈትና ዝጋ። መስታወቱን ስታስወጣ የምታገኘውን ፎቶ አድርገህ ላክልን፣ የላሜራውን አስተጣጠፍ አብረን እናየዋለን።