ዜማ ያልያዘ ቅስና ይቀበል?

የመወያያ ጥያቄ፦ በውጭ አገር አጥቢያዎቻችን ካህን ስለሚያጥር፣ ነገረ መለኮት የተማረ ወጣት ዜማ ሳይጠየቅ ቅስና ይቀበል የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ምን ትላላችሁ?

የነገረ መለኮት ምሩቅ፦ እደግፋለሁ። ድጓ፣ ያ የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ዓመታት ይፈጃል። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር የቤተሰብ አስተዳዳሪ ድጓ ወደሚመሰከርበት ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ እንደ ቆሎ ተማሪ ደበሎ ሊለብስ አይችልም። ልጆቻችን ለጥያቄያቸው መልስ የሚሰጣቸው አጥተው እየራቁን ነው። ስብከትና ምክር ይቅደም።

የቅዳሴ ቤት ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ድጓንና ቅዳሴን አትደባልቃቸው። በድጓ አስመስክሮ መምህር መሆን ሌላ፣ ለመቀደስ የሚበቃ ዜማ መያዝ ሌላ ነው። ከቅዳሴ ዜማ ስልቶች የሰላልኩላም ይሁን የደብረ ዓባይ፣ አንዱን አጥንቶ ይምጣ ነው የምንለው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ አጥቢያ ውስጥ ስብከታቸው ልብ የሚነካ ካህን ነበሩ። ሲቀድሱ ግን ከስልካቸው ላይ እንደ ደብዳቤ አነበቡት። እናቶች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ቆመዋል። ቅዳሴውን የያዙት በጆሯቸው ነው፤ ተራቸው መድረሱን የሚያውቁት ካህኑ ዜማውን ሲያሳርፍ ነው። ያን ቀን ማረፊያው ጠፋባቸው። አንዲት እናት «እግዚኦ ተሠሃለነ» ብለው ቀድመው ጀመሩና አፍረው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው የሚመልሰው ዲያቆኑ ብቻ ሆነ። ዜማ የካህኑ ድምፅ ማሳመሪያ ቢሆን ኖሮ እኔም ይቅር እል ነበር። የተወሰደው ግን የእናቶቹ ድርሻ ነው።

አንዲት ምእመን፦ መልካም ድምፅ ያልተሰጠውስ ሊቀር ነው?

የቅዳሴ ቤት ተማሪ፦ አይቀርም፣ እኅቴ። የእኔ ድምፅ ራሱ ሻካራ ነው። የኔታ ስቼ ሳዜም እንጂ ድምፄ ሲሻክር ተቆጥተውኝ አያውቁም። የዜማ ምልክቶቹ፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ድፋቱ ሁሉ በትምህርት የሚያዙ ናቸው፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የዜማ ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን የሠሩት መልካም ድምፅ ላለው ብቻ አይደለም።

የነገረ መለኮት ምሩቅ፦ የእናቶቹ ነገር አሳምኖኛል፤ ቅዳሴው ግዴታ ይሁን። ግን ማን ያስተምረን? በከተማችን ያሉት አንድ መሪጌታ ናቸው፤ እርሳቸውም ሌሊት ሌሊት ታክሲ ይነዳሉ።

የቅዳሴ ቤት ተማሪ፦ እንግዲያውስ ደመወዛቸውን አጥቢያው ይክፈልና ከታክሲው ይውረዱ። ለድምፅ ማጉያው መግዣ በአንድ እሑድ አዋጥተናል።